ከግቢያችን አፈር የተሠራው ቤት

የአባቴ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ውሃ ተኝቷል። ዳር ዳሩን ፊላ በቅሎበታል፤ ከብት ጠባቂዎች ጥልቀቱን ስለማያውቁት አይጠጉትም። ሰው ይዤ ከሄድኩ በእጄ እያመለከትኩ «እዚያ ጋ ሳሎኑ ነበር፣ እዚያ ጋ ደግሞ የእኔ ክፍል» እላለሁ። ብዙዎቹ ፈገግ ይላሉ። ጅማ ውስጥ ቤቱ የተቃጠለበት አለ፣ ለመንገድ የፈረሰበት አለ፤ ቤቱን ከገዛ ግቢው አፈር ሠርቶ ግቢው ቤቱን መልሶ የወሰደበት ግን ከአባቴ ሌላ ሰው አላውቅም።

አባቴ የጂኦግራፊና የታሪክ መምህር ነበር። ከመሃል አገር ተመድቦ መጥቶ መጀመሪያ ሰኮሩ አስተማረ፣ ቀጥሎ የቡ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ በመጨረሻ ጅማ ከተማ ገባ። እናቴን ያገኛት የቡ ነው። እዚያው በቡናው መሃል ተወልዳ ያደገች፣ ስትቆጣ ኦሮምኛ፣ ስትጸልይ አማርኛ የምትናገር ሴት ናት። እሱ ያን ሁሉ ዓመት ኖሮ ኦሮምኛው ከሰላምታና ከገበያ አላለፈም፤ ስለ ባቢሎን ግን ቀኑን ሙሉ ማውራት ይችላል። እኔ ምላሴን ከእናቴ፣ ግትርነቴን ከእሱ ወረስኩ ይባላል። እውነት ሳይሆን አይቀርም።

የምንኖረው አወቱ መንደራ ሰፈር በቀበሌ ቤት ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ለቀበሌው ይነገራል፣ ቀበሌው «እናያለን» ይላል፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ይቀጥላል። አባቴ ይህን ታግሦ ኖረ። ያልታገሠው ሌላ ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው በኪራይ ቤት ሳለ ሞተና አከራይዋ ድንኳን ግቢዬ ውስጥ አይተከልም አለች። ሬሳው በጠባብ መተላለፊያ ተገፋፍቶ ወጣ፤ ለቀስተኛው አስፋልት ዳር ቆሞ ሸኘው። አባቴ ከዚያ ቀብር ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ሬሳዬ ከገዛ ቤቴ ይውጣ። ሌላ ምንም አልጠይቅም» አለ።

እናቴ «ቱ! ቱ! አታሟርት» አለችው። እሱ ግን ነገሩን በየምክንያቱ ይደግመው ጀመር፤ ምሳ ላይ፣ ዜና ላይ፣ መብራት ሲጠፋ። በኋላ በኋላ እናቴም ቱ ማለቱን ተወችው።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የእሱ ተማሪ ሆንኩ። የጥንት ሥልጣኔዎችን ትምህርት የሚጀምረው ሁለት ጠመኔ በአንድ እጁ ይዞ ሰሌዳው ላይ ሁለት ወንዞች በአንድ ጊዜ በመሳል ነበር። «ድንጋይ የለም። ዛፍ የለም። ዝናብም የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ የዓለም የመጀመሪያዎቹ ከተሞች እዚህ ለምን ተነሡ?» ብሎ ይጠይቃል። «እግራቸው ሥር ያለውን አይተው ነዋ!» ይልና ይቀጥላል። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ደለል ይተዋል፤ ደለሉ እህል ይሰጣል፤ እህሉ ከሚበላው ሲተርፍ የማያርስ ሰው ይመጣል፤ ሸክላ ሠሪ፣ ወታደር፣ ጸሐፊ፣ ካህን። ጭቃው ደግሞ ጡብ ይሆናል፣ ጡቡ ግንብ ይሆናል። ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጥ ነበር። ልጆቹ ሳይወዱ በግድ ያዳምጡታል።

አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ ይዞ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ አወጣን። ከታች አወቱ አለ፣ ወዲያ ማዶ ኪቶ አለ፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ከሚመጣ እንግዳ ፊት ወንዝ ነኝ ለማለት የሚያፍሩ ናቸው። «ይኸው ጤግሮስ፣ ይኸው ኤፍራጥስ!» አለ እጁን ዘርግቶ። እኔ ከኋላ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ብዬ አጉረመረምኩ። ሰምቶኛል። ክፍል ውስጥ አይቆጣኝም ነበር፤ ቤት ስንገባ ግን እስክንተኛ ድረስ አኮረፈኝ።

እዚያው ጉብታ ላይ ቆመን አንድ ልጅ ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። አባቴ ደስ አለው። አወቱና ኪቶ ይገናኛሉ፣ ግልገል ጊቤ ይገባሉ፣ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። «ከዚያስ?» አለ ልጁ። «ከዚያ የለም። ቱርካና መውጫ የለውም። የጅማ ውሃ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ የተሸከመውን አፈር ሁሉ እዚያ አውርዶ ይቀራል» አለ አባቴ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ፈራሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መውጫ የሌለው ነገር ያስፈራኛል።

ስለ አባቴ ማስተማር አንድ ነገር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። የከተሞቹን መነሣት ሳምንታት ወስዶ ያስተምራል፤ መውደቃቸውን ግን ሁልጊዜ በችኮላ፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ውሃው ከሥር ጨው እያወጣ እርሻውን እንደገደለው፣ ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ከተማውን ትቶት እንደሄደ፣ ጡቡ ተመልሶ ጭቃ ሆኖ የአፈር ክምር ብቻ እንደቀረ፣ ይህን ሁሉ እየሮጠ ይነግረንና «ቀሪውን ለፈተና አንብቡት» ይላል። መውደቅ አይወድም ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ መምህራን በማኅበር ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ ተመሩ። ዕጣ ወጣ። ለአባቴ የደረሰው ከሁሉም ታችኛው ነው፤ በአወቱና በኪቶ መካከል ወዳለው ረግረግ የሚወርድ ረጅም ተዳፋት፣ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ውሃ የሚያቁር። ጓደኞቹ አዘኑለት። እሱ ግን ቤት ሲገባ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ነበር። «በሁለት ወንዝ መካከል ደረሰኝ!» አለ።

«ኤጋ፣ እንግዲያ እንቁራሪት እናረባለና» አለች እናቴ።

እሷ በጭቃና በእንጨት ቶሎ ሠርተን እንግባ ባይ ነበረች። እሱ የጭቃ ቤት ምስጥ ይበላዋል፣ የእኔ ቤት የጡብ ነው የሚሆነው አለ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፕላዝማ ገባ። ከሩቅ በሳተላይት የሚመጣ መምህር በቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ፣ በሩጫ ያስተምራል፤ የአባቴ ሥራ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ አጠገቡ መቆም ሆነ። ሜሶፖታሚያ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነሥታ ወደቀች። መብራት ካልጠፋ በቀር እሱ የሚናገርበት ጊዜ የለም። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ድምፁን ጨምርልን» ይሉት እንደነበር የነገረችኝ አብራኝ የምትማር ልጅ ናት፤ እሱ አልነገረንም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደዚያ ተዳፋት መሄድ ጀመረ። ብቻውን ቆሞ ያየዋል፤ ከዚያ ይመጣል።

ከቦታችን ታች ረግረጉ ዳር ጡብ የሚሠሩ አንድ ሐጂ ነበሩ። የጅማ ሰው ናቸው፣ ከአያት ከቅድመ አያት። በበጋ አፈሩን ያስቆፍራሉ፣ ውሃ አጠጥተው በበሬ ያስረግጡታል፣ በእንጨት ፎርም ይመቱታል፣ ሜዳው ላይ ሣር አልብሰው ያደርቁታል፤ ከዚያ እንደ ቤት ከምረው ከሥሩ እሳት ይለቁበታል። እሳቱ የሚነደው በባሕር ዛፍና ከቡና መፈልፈያ በሚመጣ ገለባ ነው። በእነዚያ ወራት የገለባው ጭስ ረግረጉ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ልብሳችንም ጸጉራችንም ዳቦውም እሱን እሱን ይሸታል።

መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ሕጉ ነው። ስለ አፈሩ ግን ሕጉ ያለው ነገር የለም። ረግረጉ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነበር፤ ጡብ ሠሪው ከግቢህ አፈር ይቆፍራል፣ ከሚወጣው ጡብ እኩሌታው ያንተ ይሆናል። መሬትህን ማንም አልወሰደብህም፤ ካርታው በእጅህ ነው። አፈሩ ቢሄድም መሬቱ ይቀራል ብለን የምናምን ሰዎች ነበርን። የጂኦግራፊ መምህሩም ጭምር።

ሐጂ መጥተው ግቢውን ዞረው አዩ። እናቴ ከተዳፋቱ አጋማሽ ላይ በረድፍ እንሰት ተክላ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። «መምህር፣ እስከ እንሰቱ እንቆፍራለን። ከእንሰቱ በላይ ያለውን ቤቱ ራሱ ይፈልገዋል» አሉ። አባቴ እሺ አለ። እጅ ተጨባበጡ፣ ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ አባቴ አማተበ።

የመጀመሪያው በጋ መልካም ሄደ። ጉድጓዱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ መጣ። የተቆፈረውን ግድግዳ አባቴ እንደ መጽሐፍ ያነብልኝ ነበር፤ ከላይ ጥቁሩ የአትክልት አፈር፣ ከሥሩ ቡናማው፣ ከዚያ በታች አመድማው ጭቃ፣ ውሃ ዱሮ ይዞት የመጣው። «ይህን ያስቀመጠው ወንዙ ነው፤ ሰው ከመምጣቱ በፊት» ይለኛል። ወንዙ ያስቀመጠውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል የሚል ሐሳብ ያኔ መጣብኝ። ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ይስቅብኝ ነበር።

በሁለተኛው በጋ እቶኑ ተከምሮ እሳት ከተለቀቀ በኋላ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ። ሁለት ቀን ሙሉ አላባራም። እሳቱ ታፈነ። ክምሩ ሲከፈት የላዩ ጡብ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ነበር። ሐጂ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አላህ የወሰደውን አላህ ይመልሳል» አሉ፤ ፊታቸው ግን አመድ ለብሷል። ያን ጊዜ የቤታችን ሳሎንና መኝታ ቤት ግድግዳቸው ቆሟል፤ የቀረው የእኔ ክፍል ነው። ከኋላ በኩል፣ ወደ ላይኛው መንገድ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል። አባቴ ክፍሉን ከመሠረቱ ጀምሮ «የልጄ ጥናት ቤት» እያለ ነበር የሚጠራው።

«ሐጂ፣ ከእንሰቱ ትንሽ እንለፍ» አላቸው።

«አይሆንም መምህር። ወላሂ ልክ አይደለም።»

«ትንሽ ነው እኮ። እነዚያ ሰዎች ወንዝ ዳር በጭቃ ከተማ ሠርተው ስንት ሺህ ዘመን ኖሩ፤ እርስዎ ለአንዲት ክፍል ይሰጋሉ?»

«ዛሬስ አሉ?» አሉ ሐጂ።

አባቴ ሳቀ። ሲቸግረው የሚስቀው ሳቅ አለው፤ ያን ሳቀ። ሐጂም ብዙ አልተከራከሩም፤ ያ በጋ እሳቸውንም ጎድቷቸዋል፣ አፈር እሳቸውም ያስፈልጋቸዋል። ቆፋሪዎቹ ሊመጡ ሲሉ እናቴ ራሷ ወርዳ እንሰቱን አንድ በአንድ ነቀለችው። ላግዝሽ ብላት «ሌላ ሰው ከሚቆርጥብኝ» ብላ ገፋችኝ። ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ጉድጓዱን እንጂ እኔን አላየችም።

ቤቱ አለቀ። የቀበሌውን ቁልፍ አስረክበን ገባን። ቀይ ነው፣ ውብ ነው፤ አሁን እንኳ ስጠራው ውብ ነው እላለሁ። በሩና በረንዳው ወደ ረግረጉ ይመለከታሉ፣ አባቴ ወንዙን ፊት ለፊት ማየት ስለፈለገ። ቤት ሊመርቁ የመጡት መምህራን እየቀኑ ሄዱ። እሱ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ከእግሩ በታች ጥቂት ሣር አለ፣ ከሣሩ በታች ጉድጓዱ አለ።

ክረምቱ መጣ፣ ጉድጓዱ ሞላ። ጅማ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ ሰው ልብስ ያጥባል፣ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። ዝናቡ ሲያባራ ከታች አንድ ድምፅ ይሰማል። የጠማው ሰው ውሃ ሲውጥ የሚያሰማው ዓይነት፣ አጭር። ከዳሩ ትንሽ አፈር ሄደ ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛንም እንዲያ ነው ያደረገን። መጀመሪያ የወሰደው የእናቴን አበባ መደብ ነው። አባቴ «አበባ ነው፣ እንደገና ይተከላል» አለ። በቀጣዩ ክረምት ሣሩን ወሰደ። ሐጂ ባሕር ዛፍ አጋድመው፣ ድንጋይ ሞልተው ሊያስሩት ሞከሩ፤ ውሃው ድንጋዩንም ጨምሮ ወሰደው።

ከዚያ የሳሎኑ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ከጣሪያው ሥር እስከ ወለሉ፣ ቀጭን። አባቴ ስንጥቁ ላይ ከተማሪ መልመጃ የቀደዳትን ቁራጭ ወረቀት በማጣበቂያ ለጠፈበት። «ከተቀደደች እየሰፋ ነው፣ ካልተቀደደች ቆሟል» አለኝ፤ ሳይንስ ነው እንግዲህ። በየጠዋቱ ከሰላምታ በፊት የምናየው ወረቀቷን ሆነ። ተቀደደች። ሌላ ለጠፈ፤ እሷም ተቀደደች። ሦስተኛ አልለጠፈም። ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲመጣ የጣለውን የጥንት ሥልጣኔዎች ካርታ አምጥቶ ስንጥቁ ላይ ሰቀለበት። እናቴ ይህን አይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተናደድኩት እኔ ነኝ። «ካርታ ግድግዳ ይይዛል?» አልኩት። «ዓይንን ይይዛል» አለኝ።

የታመመው በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለውና ወደቀ። ሆስፒታል ከርሞ ወጣ፤ ሐኪሞቹ ለእናቴ ለብቻዋ ያሏትን ከፊቷ አነበብኩት። መኝታ ቤቱ ውስጥ አስተኛነው። ንግግሩ ተኮላተፈ፤ አንዲት ቃል ግን ጥርት አድርጎ ይላት ነበር፦ «አልወጣም።»

ሐጂ መጡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አልጋው ጎን ቆሙ። «መምህር፣ እባክዎ ከእኔ ጋ ይሁኑ። ክፍል አለኝ፤ ልጆቼ ያስታምሙዎታል።»

«አልወጣም።»

እናቴ እግሩ ሥር ተቀመጠች። «አፈር ስሆን። ማሎ፣ እባክህ። ስለ ልጅህ።»

«አልወጣም።»

እኔ እንደ እነሱ አልለመንኩትም። የሐጂን ሠራተኞች ጠርቼ ከነፍራሹ ላስነሣው ነበር። ሰዎቹ በር ላይ ሲደርሱ አየኝ፤ ደህናው ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። «የት ልትወስጂኝ?» አለ፣ ቃሉን በትግል እየገፋ። «ኪራይ ቤት?» ሰዎቹን መለስኳቸው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው አይደለም ያየሁት፤ ሌላ ምንም የቀረው የሌለ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ውስጥ ማንም የማይናገረው አንድ ጥያቄ ገባ፤ ማን ይቀድማል የሚል። እሱ ወይስ ቤቱ። ገላውን ስናጥበው እናስበዋለን፣ ሾርባ ስናጠጣው እናስበዋለን። እናቴ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የምትለምነው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ስላወቅኩም ጠላኋት። ባሌን አድኚልኝ አይደለም የምትለው። ቤቱን አቆዪልኝ ነው፤ እስኪጨርስ። ከሰዓት ሰማዩ ሲዘጋ የሦስታችንም ጆሮ ከታች ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናቡ እንደ ጀመረ በረንዳው ሄደ። ጮክ ያለ ነገር አልነበረም፤ ያው የመዋጥ ድምፅ ነው፣ ረዘም ብሎ። በሩን ስከፍት ከመርገጫው ቀጥሎ ውሃ ነው። የአባቴ ወንበር እግሮቹን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። እናቴ በሩን ዘግታ በምስማር መታችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኔ ክፍል መስኮት ሆነ የምንገባውና የምንወጣው፤ ብረቱን አስወልቀን፣ ከውጭም ከውስጥም ሳጥን አስደግፈን። የንስሐ አባቱ እንኳ መስቀላቸውን በጥርሳቸው ይዘው በመስኮት ገቡ። አባቴ ሲያያቸው በግማሽ አፉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ሳቃችን ቶሎ ቆመ።

ብቻችንን ሆነን ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። እኔ ያኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነኝ፤ የእሱኑ ትምህርት ነው የያዝኩት። «አስተምሪኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«መውደቁን።»

ወንበር ሳብኩና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጀመርኩ። ቸኩዬ አላስተማርኩትም። ውሃው በቦዩ እየገባ፣ ፀሐይ እያደረቀው፣ ጨዉ እንዴት ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ እንደወጣ፤ ገበሬው ስንዴውን ትቶ ጨው የሚችለውን ገብስ እንደዘራ፣ በኋላ ገብሱም እንደከዳው። ወንዙ እንዴት አንድ ክረምት ሌላ መንገድ እንደመረጠ። ሰዎቹ የወደቀውን ቤት አፈር ሳይጠርጉ እላዩ ላይ ሌላ ቤት ይሠሩ እንደነበር፣ ስለዚህ ከተሞቻቸው በየዘመኑ ከፍ ከፍ እያሉ ሄደው ኮረብታ እንደሆኑ። እዚህ ላይ ቆምኩ። የእነሱ ከተማ ከፍ አለ፤ እኛ ግን ያንኑ ጡብ ሠርተን ጉድጓድ ሆንን። አባቴ ጣቱን አንሥቶ ቀጥዪ አለኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከሳሎን ካርታው እየተወጠረ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። እስከ መጨረሻው አስተማርኩት። ስጨርስ «ጎበዝ» አለኝ፤ ተማሪ ሆኜ ብሎኝ የማያውቀውን።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ጠዋት ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ እናቴ እጁን ይዛ ሳለ ሞተ። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር፦ እፎይታ ነው። ቀደመ ብዬ ነው ያሰብኩት። ልቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ድንኳን መትከያ ግቢ አልነበረንም። ሐጂ የጡብ ማድረቂያ ሜዳቸውን አስጠረጉና የእድሩ ሰዎች እዚያ ተከሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወንበር ተሸክመው መጡ። ሳጥኑ ሲመጣ ግን ችግሩ ታየ፤ በበሩ አይወጣም፣ ከበሩ ቀጥሎ ውሃ ነው። ባዶውን በመስኮቱ በጎን አጋድመው አስገቡት እንጂ ሬሳ ይዞ በዚያ አይወጣም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ከሰዓት እየደረሰ፣ በስተ ምዕራብ ሰማዩ እየጠቆረ ነበር። አንዱ የእድር ሽማግሌ በሩ ላይ እንጨት እንዘርጋ አሉ፤ ሌላው ሬሳውን ውሃ ውስጥ ልትከቱት ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ሐጂ እናቴን ወደ ጎን ጠርተው ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሯት። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ሠራተኞቻቸው ዲጂኖ ይዘው መጡና የእኔን ክፍል ግድግዳ ከመስኮቱ በታች ማፍረስ ጀመሩ። ያን ጡብ የመቱት፣ ያደረቁት፣ ያቃጠሉት እነሱው ናቸው። ሐጂ ራሳቸው የወደቀውን ጡብ እያነሡ ሰው እንዳያደናቅፍ ወደ ዳር ይደረድሩ ነበር። አንዱ እግሬ ሥር ተሰብሮ ወደቀ። ውጩ ቀይ ነው፣ ልቡ ግን ጥቁር፤ የእንሰቱ አፈር ነው፣ እሳቱ ያልደረሰበት።

የተቆጡት ሽማግሌ መታገሥ አልቻሉም። «እንዴት ነው ይሄ? መምህር ያህል ሰው ግድግዳ ተነድሎ ይወጣል? ሰው ምን ይላል?» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሳጥኑን በአንድ እጇ ነክታ ቆማ ነበር። ዞር አለች። «ሬሳዬ ከገዛ ቤቴ ይውጣ ነው ያለው» አለች። «በበሩ ይውጣ አላለም።»

ሳጥኑን አነሡና በእኔ ክፍል በኩል አወጡት፤ ሁለቱ የፊት ተሸካሚዎች የሐጂ ልጆች ነበሩ። ዝናቡ ሳይጀምር ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ፍትሐት ተደርጎ፣ አፈር ተመልሶ፣ ድንኳኑ ገብተን ስንቀመጥ ነው ሰማዩ የተከፈተው። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ሸራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ያን ድምፅ የሰማሁት በመሃል ነው፤ መጀመሪያ አጭር፣ ቀጥሎ ረጅም፣ ቆርቆሮውም ጡቡም አብረው ውሃው ውስጥ ገቡ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ውጭ ሮጠ። ሐጂ «ያ ረቢ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

እናቴ አልተነሣችም፣ ዞር ብላም አላየችም። እጄን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ጠብቆት ነው» አለች።